ዕጣው ከመውጣቱ በፊት

(በአዲስ አበባ ዳር ባለችው ቱሉ ዲምቱ ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉ፤ መብራቱ እንደ ልማዱ ቢሄድ እዚያ ብርሃን አለ። ስልካችሁን አታጥፉ፣ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

የዛሬው ጉዳያችን የሽልማት ዕጣና ውድድር ነው። በቆርኪ፣ በአጭር ቁጥር፣ በደረሰኝ፣ በሬዲዮ ጥያቄ፣ በቴሌግራም ጊቭአዌይ (ገጾች ለተከታዮቻቸው በሚያወጡት ዕጣ) የሚገኘውን ሽልማት እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ መከታተል። ለዚህ ወሬ ከዚህ ሰፈር የተሻለ ሰሚ የለም። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የምታድሩት በዕጣ በደረሳችሁ ቤት ነው። እናንተ የምታውቁትን ነገር ሌላው ከተሜ አያውቀውም፦ ዕጣው የሚወጣው በአንድ ቀን ነው፤ ምዝገባው፣ ቁጠባው፣ የመታወቂያ ስምና የባንክ ደብተር ስም አልገጥም ብሎ ወረዳ መመላለሱ ግን ዓመታት ይበላል።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ዕድለኛው ተደሰተ፤ በቀናት ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ሰረዘው። ጉድለቱ የተገኘው ወደ ዕጣው በገባው የተመዝጋቢዎች መረጃ ላይ ነበር። ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዛሬ የምንለው ሁሉ እዚህች ላይ ያርፋል። ዕጣ ሲወጣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ቋቱ ውስጥ፣ ማለት ዕጣው የሚወጣበት የስም ክምችት ውስጥ፣ ስማችሁ በትክክል መግባቱ ላይ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽልማቱን በሕጋዊ መንገድ መረከቡ ላይ ነው። ሰው የሚከስረውም እነዚህ ሁለቱ ጋ ነው፤ «ዕድሌ ጠማማ ነው» እያለ።

መጀመሪያ እንለይ። የስፖርት ውርርድ ቤት ከዚህ አይገባም። እዚያ ገንዘብ ታስይዛላችሁ፣ ብትሸነፉ ይሄዳል። ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ እሱ የሚመከር ሰው ካለ ምክራችን አጭር ነው፦ አትግቡ። እቁብም ከዚህ አይገባም፤ የእቁብ ዕጣ ወረፋ እንጂ ሽልማት አይደለም፣ የራሳችሁን ገንዘብ ነው ቀድማችሁ ወይ ዘግይታችሁ የምትወስዱት። የብሔራዊ ሎተሪ ትኬትም ግዢ ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ ዕጣው በአዳራሽ በሕዝብ ፊት የሚወጣ፣ የታወቀ ነገር ነው፤ የፈለገ ይግዛ፣ የዛሬው ርዕስ ግን አይደለም። እኛ የምንለው ለመግባት ምንም የማይከፈልበትን ወይም ለማንኛውም የምትገዙትን ዕቃ ስትገዙ አብሮ የሚመጣውን ነው። ለስላሳ ለመጠጣት ብላችሁ ጠጥታችሁ ቆርኪው ሥር ኮድ ካለ፣ ያ ነው። ለኮዱ ብላችሁ አንድ ሣጥን ለስላሳ ከገዛችሁ ግን የእኛን ሥራ ትታችሁ ሎተሪ ቆራጭ ሆናችኋል፤ ያውም በውድ ዋጋ።

ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ዕጣ ነው፦ ዝም ብሎ የሚወጣ። ሌላው ውድድር ነው፦ ፎቶ፣ መፈክር፣ ግጥም፣ ጥያቄና መልስ፣ ዳኛ ያለው። ልዩነቱን የሚያሳይ አንድ ነገር ካናዳ ውስጥ አለ። የሀገሩ ሕግ በዕድል ብቻ በሚሰጥ ሽልማት ላይ ጥብቅ ስለሆነ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት ትንሽ የሒሳብ ጥያቄ ይመልሳል፤ ደምር፣ አባዛ፣ ቀንስ። በዚያች ጥያቄ ዕድሉ «ችሎታ» ተባለ ማለት ነው። ያስቃል፤ ነገር ግን ወግ አጥባቂው ሕግ የሚያየው የትኛውን መሥመር እንደሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እንበልና አንድ የለስላሳ ኩባንያ 2,000,000 ቆርኪ በትኖ አንድ መኪና አቀረበ። እናንተ በሁለት ወር ውስጥ 20 ጠርሙስ ጠጣችሁ። ዕድላችሁ ከ100,000 አንድ ነው። በዚያው ሰሞን ገላን መውጫ ላይ አዲስ የተከፈተ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለመክፈቻው ሣጥን አስቀምጦ ሦስት የውኃ ማፍያ አቀረበ፤ 300 ሰው ወረቀት ከተተ። ዕድላችሁ ከ100 አንድ ነው። ያቺ በነጻ የተሞላች ብጣሽ ወረቀት ከ20 ጠርሙስ ለስላሳ 1,000 እጥፍ ትሻላለች። መኪናው ፖስተር ላይ ያምራል፤ ማፍያው ግን ቤት ይገባል። ስለዚህ ትልቁን ሽልማት ሳይሆን ትንሹን ቋት ፈልጉ። ትንሽ ቋት የት ነው? የሰፈር መደብር መክፈቻ፣ ጊዜው አጭር የሆነ ዕጣ፣ ጥቂት ተከታይ ያለው ገጽ፣ መሙያ ቅጹ ረዘም ያለና አሰልቺ የሆነ፣ ፎቶ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚጠይቅ። ሰው አሰልቺ ቅጽ ይጠላል። እናንተ ውደዱት።

ግን ራሳችሁን አታታልሉ። በሳምንት አምስት እየገባችሁ በ50 ሳምንት 250 ዕጣ ብትሞሉ፣ በእያንዳንዱ ለአንድ ሽልማት 500 ሰው ቢኖር፣ «250 ለ500፣ ግማሽ በግማሽ አገኛለሁ» ማለት ይቀናል። አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ የማግኘት ዕድላችሁ 39 በመቶ ያህል ነው፤ ባዶ እጅ ዓመቱን የመጨረስ ዕድላችሁ 61። ይህን ያልተቀበለ ሰው በሦስተኛው ወር ይተወዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ገንዘብ መጨመር ይጀምራል።

ቀጥሎ ደንቡ። ከታች በትናንሽ ፊደል የተጻፈው። ማንም አያነበውም፤ እኛ ከሁሉ በፊት የምናነበው እሱን ነው። መጀመሪያ ማን ነው አዘጋጁ፣ ፈቃድስ አለው ወይ የሚለውን ፈልጉ። እዚህ ሀገር ለማስተዋወቂያ ዕጣ የሚያወጣ ድርጅት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይወስዳል፤ ደህናው ማስታወቂያ ፈቃዱን ይጠቅሳል። ከዚያ ማን መግባት ይችላል የሚለው። ከ18 ዓመት በታች ያለ፣ የድርጅቱ ሠራተኛና የሠራተኛው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ለዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ «የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ» የምትል መሥመር። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ መታወቂያችሁ የአዲስ አበባ ነው። አደባባዩን አልፋችሁ ገላን የምትኖሩ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ ናችሁ። ለገጣፎም፣ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም እንዲሁ። በአንድ ታክሲ የምንሄድ ሰዎች ነን፤ በዕጣ ደንብ ግን ሁለት ክልል ነን። ሞልታችሁ፣ ዕጣ ወጥቶላችሁ፣ በመታወቂያ ከምትወድቁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጥሩ ሰው የወደቀው እዚህ ነው። «እስከ 10/5» ቢባል ጥር 10 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ግንቦት ውስጥ? ድርጅቱ የውጭ ከሆነ ወይም ማስታወቂያውን የሠራው ከውጭ ፋይል የገለበጠ ከሆነ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል። «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ሲባል እኛ ፀሐይ ስትገባ እንላለን፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ወይም በተቃራኒው። ጥርጣሬ ካለ ሁልጊዜ በቀደመው ሰዓት ግቡ። የውጭ ዕጣ ላይ የምትሳተፉ ደግሞ የአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት አቆጣጠር «11፡59 ፒኤም» የሚለው፣ ማለት ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በእነሱ ክረምት ለእኛ በማግስቱ ጠዋት 1፡59 ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያደርጉ ደግሞ 12፡59። ያቺን የንጋት ሰዓት ብዙ ሰው አይጠቀምባትም። ግን አብዛኛው የአሜሪካ ዕጣ ለአሜሪካ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ለመሙላት ከመድከማችሁ በፊት ይህችን አንዷን መሥመር እዩ።

አራተኛው የስንት ጊዜ ጉዳይ ነው። «በሰው አንድ ጊዜ» ከሆነ ሁለተኛው ሙከራ መጀመሪያውንም ይጥላል። ይህን ዲቪ የሞላ ሁሉ ያውቃል። በዲቪ አንድ ሰው ሁለቴ ከተሞላ ሁለቱም ይሰረዛል። ፎቶው በቁመትም በወርድም እኩል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን ነበረበት፤ ውጤቱ በድረ ገጹ ላይ በማረጋገጫ ቁጥር ይታያል እንጂ ማንም በኢሜይል «ደረሰህ» አይልም። ስንት ሰው ነው ኢንተርኔት ቤት አስሞልቶ ቁጥሩን እዚያው ጥሎ የወጣ! ኢንተርኔት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጁ ሥራ ቀየረ፣ አለቀ። የሌላውም ዕጣ ጠባይ ያው ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ቆርኪ። በካፌ ስትቀመጡ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከፍቶ ቆርኪውን ኪሱ ይከታል፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፣ እሱም ሰብሳቢ ይሆናል። «እዚሁ ክፈትልኝ፣ ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ ተወው» ማለት መብታችሁ ነው። ሲከፈት በመክፈቻ ከአንድ ወገን ብቻ ከተነሳ መሃሉ ይታጠፋል፤ ቀለሙ ያለው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ከዳር እየነኩ ማላላት ይሻላል። ከሥር ላስቲክ መሰል ሽፋን ካለው በጥፍር ከዳር ጀምራችሁ አንሱት፤ በቢላ አትፋቁ፣ ቢላ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ስኳሩ ከደረቀበት ለብ ባለ ውኃ ለሁለት ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ በጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ማሸት የለም። የፕላስቲክ ክዳን ላይ የተረጨ ቀለም ከሆነ እርጥበት ስለሚያጠፋው ቶሎ አድርቁ። ከዚያ ከመላካችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩን ትንሽ አዘንብላችሁ፣ ብረቱ እንዳያንጸባርቅ። ኮዱን ስታነቡ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና «አይ»፣ ስምንትና «ቢ» ይመሳሰላሉ፤ ካልሆነ ተለዋጩን ሞክሩ፤ ግን ስንት የስህተት ሙከራ እንደሚፈቀድ ደንቡን እዩ፣ ከሦስትና ከአምስት በኋላ ቁጥራችሁን የሚዘጉ አሉ። ኮዱ ከተቀበለም በኋላ ቆርኪውን አትጣሉ። ሽልማት ሲረከቡ «ዋናውን አምጣ» ይባላል። በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ፣ በደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።

ቆርኪ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። በፈረንጆች 1992 ፊሊፒንስ ውስጥ የፔፕሲ ኩባንያ ቆርኪ ሥር ቁጥር አድርጎ ዕጣ ያወጣ ነበር፤ ትልቁ ሽልማት 1 ሚሊዮን ፔሶ። ግንቦት 25 ምሽት አሸናፊ ቁጥር ተብሎ 349 ተነገረ። ያ ቁጥር ግን በ800,000 ገደማ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ኖሯል፤ በስህተት። ሕዝቡ ቆርኪውን ይዞ ወጣ፤ ረብሻ ሆነ፣ ሰው ሞተ። ኩባንያው ለባለ ቆርኪዎቹ 500 ፔሶ አቀረበ፤ ክሱ በፍርድ ቤት እስከ 2006 ቆየ። ኩባንያው የያዘው መከራከሪያ ምን ነበር? በቆርኪው ላይ ከቁጥሩ ሌላ የደኅንነት ኮድ አለ፣ የእነዚህ ኮድ የአሸናፊ አይደለም የሚል። ስለዚህ ቆርኪያችሁ ላይ ከዋናው ቁጥር ሌላ ደቃቅ ጽሑፍ ካለ እሱንም ጻፉት፣ ፎቶው ላይም እንዲታይ አድርጉ። አሁን ብዙ ደንብ ውስጥ «በኅትመት ስህተት ከታሰበው በላይ አሸናፊ ቢመጣ በመካከላቸው እንደገና ዕጣ ይወጣል» የሚል አንቀጽ የሚገባው እንዲህ ባለ አበሳ ነው። ቋቱን የሚይዘው እጅ ሊበላሽ እንደሚችልም እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ማክዶናልድስ የተባለው የምግብ ቤት ድርጅት «ሞኖፖሊ» ብሎ ያወጣውን የሽልማት ጨዋታ የአሸናፊ ቁራጭ ወረቀቶች እንዲጠብቅ የተመደበው ኃላፊ ራሱ ለዓመታት እየሰረቀ ለዘመድና ለወዳጅ ሲሸጥ ቆይቶ በፈረንጆች 2001 ተይዟል። ይህን የምንለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ዕጣው በሕዝብ ፊት ይወጣል? ታዛቢ አለ? የአሸናፊ ዝርዝር በስም ይወጣል? እነዚህን የሚመልስ አዘጋጅ ከማይመልሰው ይሻላል ለማለት ነው።

የደረሰኝ ዕጣም አለ፤ ሱፐርማርኬትና የቤት ዕቃ መደብር ይወዱታል። የሽያጭ መመዝገቢያው ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት ነው፤ ቀለም የለውም። ስለዚህ ፀሐይ፣ የመኪና ዳሽቦርድ፣ ላሚኔሽን፣ የእጅ ሳኒታይዘር ያጠፋዋል፤ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የከረመም ይነጣል። በተገዛበት ቀን ፎቶ አንሡና ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒው ለዓመታት ይቆያል። ዋናውን በወረቀት ፖስታ። የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው «ኤፍኤስ» የሚለው ቁጥር ነው፤ ከግብር ከፋይ ቁጥሩ ጋር አታደባልቁት፤ የግብር ከፋይ ቁጥሩ የሱቁ ነው፣ በሁሉም ደረሰኝ ላይ አንድ ነው። የባንኮቹ «ቆጥበው ይሸለሙ» እና የውጭ ምንዛሪ ተቀብለው የሚገቡበት ዕጣ ላይ ደግሞ ስሙ ወሳኝ ነው፤ ሐዋላ የላከው ዘመድ ስማችሁን እንዴት እንደጻፈ ጠይቁት። «ጸሐይ» በላቲን መጨረሻው በ«ዋይ» ነው በ«አይ»? አንድ ፊደል ሁለት ሰው ታደርጋችኋለች።

አጭር ቁጥር። ለሕዳሴው ግድብ በ8100 «ኤ» ብላችሁ ስትልኩ የነበረ ሁሉ አሠራሩን ታውቃላችሁ። የሚያበላሸው ትንሹ ነገር ነው። ፊደሉ በላቲን ይፈለጋል፤ የአማርኛውን «ኤ» ብትልኩ ሥርዓቱ አያውቀውም። አንዳንድ ኪቦርድ ከፊደሉ በኋላ ነጥብ ወይም ክፍተት ይጨምራል፤ አጥፉት። መልስ በአማርኛ መጻፍ ከተፈቀደ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ሰባ አንደኛዋ ፊደል ሁለተኛ መልእክት ታስከፍላለች፤ አንዳንድ ሥርዓት ደግሞ ሁለተኛውን ጭራሽ አያነበውም። ከሁሉ የከፋው ግን «ለመሳተፍ ላኩ» ብሎ በየቀኑ የሚቆርጥ አገልግሎት ውስጥ የሚያስገባ ነው። በቀን 3 ብር ምንም አይደለም ትላላችሁ፤ በ90 ቀን 270 ብር ነው። ከላካችሁ በኋላ የመጣውን መልስ እስከ ታች አንብቡ፤ መውጫው ብዙ ጊዜ «ስቶፕ» ብሎ ወደዚያው ቁጥር መላክ ነው። አልወጣም ካለ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውላችሁ አስወጡ።

የሬዲዮ ጥያቄና መልስ ላይ የሚገቡ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ያዝናናሉ፤ እዚህ ላይ ግን አጭር እንሁን። በኤፍኤም ስሙ እንጂ በኢንተርኔት አትስሙ፤ የኢንተርኔቱ ድምፅ ብዙ ሰከንድ ስለሚዘገይ ጥያቄው ለእናንተ ሲደርስ ሌላው ደውሏል። እንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ያላችሁ ሞገዱ ስለሚጋረድባችሁ አንቴናውን ወደ ከተማው በኩል አድርጉ። መስመር ሲገባላችሁ ሬዲዮውን ዝጉ፤ ካልዘጋችሁ ይጮኻል፣ አዘጋጁም ይቆርጣችኋል። የፎቶ ውድድር ላይ ደግሞ አንድ ምክር ብቻ፦ በቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ በፋይል ላኩት። ሥራችሁን ድርጅቱ ያለ ክፍያ ለማስታወቂያ ይጠቀምበታል ወይ የሚለውንም ሳታነቡ አትላኩ።

ጊቭአዌይ። «ላይክ፣ ሼር፣ ሦስት ሰው ታግ አድርግ።» አካውንታችሁ የተቆለፈ ከሆነ ሼራችሁን አዘጋጁ አያየውም፤ ስለዚህ አልገባችሁም። የቴሌግራም መለያ ስም የሌላችሁ አውጡና አትቀይሩ፤ ዕጣው በድሮው ስም ከወጣ ማንም አያገኛችሁም። የገጹን ዕድሜ በፌስቡክ ላይ ማየት ይቻላል፤ የታወቀ ድርጅት ስም ይዞ ባለፈው ሳምንት የተከፈተ ገጽ የማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ስሙ ውስጥ አንዲት ነጥብ ወይም አንዲት ፊደል ተጨምራ ትገኛለች።

አሁን ደብተሩ። ይህን ሥራ ከዕድል ወደ ልማድ የሚያመጣው እሱ ነው። አንድ ተራ ደብተር ገዝታችሁ በሁለት ገጽ ላይ አሥምሩ፦ የገባችሁበት ቀን፣ አዘጋጁ፣ በምን እንደገባችሁ፣ የገባው ስምና ስልክ፣ የሚዘጋበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀንና ውጤቱ የሚነገርበት ቦታ፣ ሽልማት የመጠየቂያው መጨረሻ ቀን፣ ያወጣችሁት ብር። የመጨረሻዋን ዓምድ በየወሩ ደምሩ። ድምሩ በወር ከሁለት ማኪያቶ በላይ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የመጠየቂያ ቀን የሚለውን ዓምድ ደግሞ ሰው ይንቀዋል፤ ሽልማት ወጥቶለት ሳያውቅ ጊዜው ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ስልኩ ሲደወል ምን ይሆናል? አዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ካላገኘ ወደ ተጠባባቂው ያልፋል። በዚህ አካባቢ መብራት ሲጠፋ ስልክ ይሞታል፣ አንቴናውም ይደክማል። ዕጣ በሚወጣበት ሳምንት ፓወር ባንክ ይሞላ። ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ሲም መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን በራሳችሁ ስም ይውጣ፣ በየጊዜው ካርድ ይሞላበት፤ ለረዥም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለ ሲም ይዘጋል። ሊረከቡ ሲሄዱ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የተመዘገበበት ሲም ያለበት ስልክ፣ ዋናው ቆርኪ ወይም ደረሰኝ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ የተሰጠ ውክልና እንጂ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አይሠራም።

ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሏል፤ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ በምትረከቡበት ዕለት የሚሠራበትን ምጣኔ ጠይቁ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ተቆርጦ ይሰጣችኋል። በዕቃ ከሆነ ግን ማን ይከፍላል? የ200,000 ብር ባጃጅ በ15 በመቶ 30,000 ብር ነው፤ ስም ማዛወሪያው፣ ሰሌዳው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ሌላ። ደንቡ ውስጥ «ግብሩን አዘጋጁ ይሸፍናል» የሚል ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በጽሑፍ አስመልሱ።

ግብሩን ግን ከአጭበርባሪ ጋር አታምታቱት። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ደውሎ «መኪና ደርሶዎታል፣ ለማስኬጃ 5,000 ይላኩ» የሚል አዘጋጅ የለም። ሕጋዊ ክፍያ ካለም በድርጅቱ ቢሮ፣ በደረሰኝ ነው። ቴሌብር መልእክቱን የሚልከው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ስልክ የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» ጽሑፍ እንጂ ገንዘብ አይደለም። የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። አንድ መፈተኛ ደግሞ ደብተራችሁ ነው፦ የደወለው ሰው የሚጠራው ዕጣ ደብተሩ ላይ ከሌለ፣ ያልገባችሁበት ዕጣ ሊወጣላችሁ አይችልም።

ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ አባት «ሲሙ በልጄ ስም ነው፣ ስልኩን የምይዘው ግን እኔ ነኝ» ብለዋል። አባባ፣ ለዕጣው አሸናፊው ልጅዎ ነው። ልጁ እዚሁ ካለ ችግር የለም፤ ውጭ ሀገር ከሄደ ግን አሁኑኑ ስም ያዛውሩ። አንዲት እናት ደግሞ ልጆቻቸው ሆቴል ደጃፍ የወደቀ ቆርኪ እየለቀሙ ስለሚያመጡት ጠይቀዋል። እማማ፣ በብዙ ደንብ የቆርኪው ባለቤት የያዘው ነው፤ ግን ኮዱን የሚልከው ከ18 በላይ የሆነ ሰው፣ በራሱ ስልክ ይሁን። ልጆቹንም እጃቸውን ያስታጥቡ፤ የቆርኪ ጠርዝ ይቆርጣል።

በሉ ስልካችሁን አውጡ። ከጎናችሁ ላለው ሰው ቁጥራችሁን ንገሩት። እሱ ቴሌብር ላይ ገንዘብ መላኪያውን ከፍቶ ቁጥራችሁንና 1 ብር ያስገባ፤ የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የተቀባይ ስም ይመጣል። እዚያ ላይ ያቁምና ስሙን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። መታወቂያችሁን አውጥታችሁ ከአያት ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ያልገጠመላችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ፤ ምን ይዛችሁ ወዴት እንደምትሄዱ አንድ በአንድ እንጽፍላችኋለን።